ድልድዩ የሚሰበርበት ቦታ

ያሰሩን በእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳ ነው። ወለሉ ላይ የገብስ አገዳ ተበትኗል። አብረውኝ የታሰሩት ፀጉራቸው የሸበተ የምህንድስና መምህር ነበሩ። ስለ አንደኛ ዓመት ተማሪዎቻቸው ለጋዜጣ ልዘግብ ላሊበላ በሄድኩበት፣ የጸጥታ ሰዎች ሁለታችንንም ከክፍል ወሰዱን።

ተማሪዎቹ በኮምፒውተር ድልድይ እየሠሩ ይፈትኑ ነበር። አንዲት ልጅ ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ የእግረኛ ድልድይ ነድፋ፣ ለንግሥ የሚጎርፈውን ሕዝብ ጫነችበት። ስክሪኑ ላይ መሀሉ ቀላ፤ ተሰበረ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «በስንት ሰው ይፈርሳል?» ብዬ ጻፍኩ። ስሟን አልጻፍኩም። አውቀው ነበር።

መርማሪው ያንን ገጽ ይዞ ገባ።

«ማን ነው ያፈረሰው?»

«ፕሮግራሙ ነው» አልኩ።

«ፕሮግራሙ እናትና አባት የለውም?»

መምህሩ ጣልቃ ገቡ። «ወንድሜ፣ አፍርሱት ያልኳቸው እኔ ነኝ። የት እንደሚሰበር ሳያዩ በምን ያጠነክሩታል?»

«ዛሬ በኮምፒውተር፣ ነገ በእውን!» አለ መርማሪው።

እሳቸው እንደማይነግሩት ስላወቀ ወደ እኔ ዞረ። «ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። የተማሪውን ስም ከሰጠኸኝ ወደ ቤትህ። ካልሆነ ሁለታችሁም ወደ ሌላ ቦታ።»

ሌላው ቦታ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«መምህር፣ የምነግረው መሰለኝ» አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። ከጋቢያቸው ጫፍ ክር መዝዘው አገዳዎቹን አሰሩ፤ በሁለቱ ጫማዎቼ መካከል ድልድይ ዘረጉ።

«በል፣ ጫንበት።»

ጠጠር ጫንኩበት። መሀሉ ላይ ተሰበረ። ከሥሩ በአገዳ ደግፈው እንደገና አስጫኑኝ። ቻለ።

«ሲሰበር እዚህ ይሰበር» አሉ፣ ከአገዳው ወደ እኔ ቀና ብለው። «እዚያ ሰው አለበት።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ተመለሰ።

«ስም!»

«ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእኔን ስም ጻፍ።»

የአገዳውን ድልድይ በጫማው ረገጠው። መምህሩ ጎንበስ ብለው፣ ያልተሰበሩትን አገዳዎች አንድ በአንድ ለቀሙ።

ወደ ሌላው ቦታ ወሰዱን። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በተለያየ ቀን ፈቱን። የልጅቱ ስም ግን ከእኔ አፍ አልወጣም።

አሁንም የእግረኛ ድልድይ ስሻገር መሀሉ ላይ ስደርስ ያ የአገዳ ድልድይ ትዝ ይለኛል። ጥቂት እቆማለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው «እለፍ እንጂ!» ሲለኝ አልፋለሁ።