ከአባቷ ክፍል ደጃፍ

ልብስ ማጠቢያ ቤታችን ውስጥ ካውያው አብራኝ የምትሠራው የጓደኛዬ ነው፤ ሌላ ሰው የተኮሰው ሸሚዝ ኮሌታው ተጣሞ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም፤ ቀበቶ ያልወጣለት ሱሪ ሲደርሳት ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔም ቀበቶውን አውጥቼ እመልስላታለሁ። ልጅ ሳለች አባቷ በምን ይገርፋት እንደነበር ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

ያ አባት ዛሬ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ጓሮዋ ካለች ክፍል ተኝቷል። ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም። የሚያጥበውና የሚያገላብጠው ግን ጎረቤቷ ነው። እሷ ምግቡን በሩ አጠገብ ካለች በርጩማ ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ሳትገባ ትመለሳለች።

በጸሎት ቡድናችን የደቀ መዝሙርነት ትምህርቱ ይቅርታ ላይ ሲደርስ ተነስታ «አባቴን ይቅር ብያለሁ» ብላ መሰከረች። ቤቱ በአሜንና በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሆዴ ግን አላመነም። አስተማሪያችን አላጨበጨቡም። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በየሳምንቱ ለብቻዋ ይዘዋት ስለሚጸልዩ ጉዷን ያውቃሉ።

«ልጄ» አሏት ሰው ሲበተን፣ «ጸሎቱስ ደግ ነው። ፂሙን ማነው የሚላጨው?»

«ጎረቤቴ አለ እኮ፣ እማማ።»

«እሱን አባትሽ ምን በደለው? ይቅር የሚለው ነገር የለው።»

ከዚያ በኋላ ፊቷን አጥቁራ ከረመች። እኔ በእማማ ተናደድኩ፤ የቆሰለ ሰው እንዲህ ይገፋል እንዴ? ሐኪሙ ደግሞ አባትየው ብዙ እንደማይቆይ ነግሯታል። በሕይወት ሳለ ካልገባች ይኼን ነገር ዕድሜ ልኳን ተሸክማው እንደምትኖር ገብቷታል። «ልቤን ለውጠው እያልኩ እለምናለሁ፤ ልቤ ግን ያው ድንጋይ ነው» አለችኝ እያለቀሰች። በመጨረሻ «ብቻዬን አልችልም፣ አብረሽኝ ግቢ» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዤ ተከተልኳት። መስኮቱ ተዘግቶ ክፍሉ ሽንትና መድኃኒት ይሸታል። ሰውየው አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ያ ሁሉ ፍርሃት ለዚህ ነው? አልኩ በሆዴ። እሷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ቆየች። ከዚያ ፂሙን ለመላጨት ሳሙና ልትቀባው እጇን አነሳች።

አባትየው በደህናው ክንዱ ፊቱን ሸፈነ። ልትመታው መስሎት ተኮራመተ።

ባለችበት ደርቃ ቀረች። እንዲያ ተኮራምቶ ዱላ መጠበቅ ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«አባዬ» አለችው። እንዲህ ስትጠራው ሰምቻት አላውቅም። «አልመታህም። አልመታህም፣ አባዬ።»

ክንዱን አላወረደም። እሷም ልታስወርደው አልሞከረችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ውሃው እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችው።