በዕድሩ ድስት ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ከቤት ሲወስዱኝ ለእናቴ «ለጥያቄ ነው፤ ትመለሳለች» አሏት። ያስገቡኝ እዚያው ልደታ፣ ቀበሌያችን ግቢ ውስጥ ካለ አንድ ክፍል ነው። ለእስር የተሠራ አልነበረም፤ የሰፈራችን ዕድር ዕቃ ቤት ነበር። በአንድ ወገን የታጠፈ ድንኳን፣ በሌላው አግዳሚ ወንበሮችና ትልልቅ ብረት ድስቶች ተደርድረዋል። ክፍሉ ጥላሸትና እርጥብ ሸራ ይሸታል። አባቴ ሲሞት ለቀስተኛው የተቀመጠው በእነዚያው ወንበሮች ላይ ነው።

ድንኳኑ ላይ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠው አገኘሁ። የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ቀበሌው ንብረቱን ሲወርስ ቁልፉን አልሰጥም ብለው ነው የታሰሩት።

«እንቢ ስላቸው ከነዕቃው ቆለፉብኝ» አሉኝ። «ያው አሁንም እየጠበቅኩት ነው።»

እትዬ እላቸው ጀመር።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ቀይ የዘይት ቀለም በጣሳ፣ ከብሩሽ ጋር ይዞ መጣ።

«ዩኒቨርስቲዋ አንቺ ነሽ? ጽሕፈትሽ ያምራል አሉ። ይሄ ዕቃ ከእንግዲህ የሰፊው ሕዝብ ነው። የነሱን ምልክት አጥፊና የቀበሌውን ቁጥር ጻፊበት። እንዳይለቅ፣ ደህና አድርገሽ።»

እሺ አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ወንበሮቹን ግቢው ውስጥ አወጡልኝ። የኅብረት ሱቁ ሰልፍ በዚያው በኩል ስለሚያልፍ ስኳር የሚጠብቁ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ያዩኛል። ተንበርክኬ የዕድሩን አረንጓዴ መስመር በቀይ ሸፈንኩ፤ አጠገቡ ቁጥሩን ጻፍኩ። ከሰልፉ አንዲት የእናቴ ጓደኛ ዘንቢሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና ፊቷን አዞረች። ፊቴ ጋለ። ከዚያ በኋላ ቀና አላልኩም።

እትዬ በሩ ደፍ ላይ ሆነው ያዩኛል።

«አረንጓዴውን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እንዲህ ቀጥ አላለልኝም ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንበሮቹን ጨርሼ ድስቶቹ ሲወጡልኝ የዕድሩ ዳኛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ አንዲት የልጆች እናት ሞታለች፤ ቀብሩ ከሰዓት ነው። ከቀብር ለሚመለሰው ሰው ወጥ የሚሠራበት ድስት ፈልገው ነው።

«ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ አይወጣም» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይጻፍበትና እንውሰደው፣ ጓድ።»

«ቀለሙ ሳይደርቅ? ይበላሻል። ነገ ኑ።»

«ሬሳው እኮ ነገን አይጠብቅም።»

ሊቀመንበሩ ዞሮ የወንበሮቹን ቁጥር ማየት ጀመረ። ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው። ብሩሹን እንደያዝኩ ተነሣሁ። የወጣው ድምፅ ለራሴም እንግዳ ነበር።

«ሆዱ ላይ፣ ወደ ታች ልጻፈው? ጆሮውን ይዘው ከወሰዱት ቀለሙን ማንም አይነካውም። ቦታውም ሰፊ ነው፤ ከሩቅ ይታያል።»

«ጎበዝ። ተለቅ አድርጊው» አለ።

ሊቀመንበሩ ወጥ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በሦስቱም ድስቶች ላይ፣ የእንጨት እሳት በሚልሰው ቦታ፣ አሳምሬ ጻፍኩ። እሳቱ እስኪመሽ ቁጥሩን እንደሚበላው አውቅ ነበር። ዳኛውም የገባቸው መሰለኝ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ያሉት ለእኔ ነው።

በሩ ሲዘጋብን እትዬ ጠጋ አሉኝ።

«እናትሽ ወጥ ቤት አስገብታሻለች ማለት ነው። እኔ እኮ ዩኒቨርስቲ ብቻ መስለሽኝ ነበር።»

ከታሰርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ወዲያው ውጭ የሚደርቁት ወንበሮች ትዝ አሉኝና ሳቄን ዋጥኩት።

ድስቶቹ ሲመለሱ ሆዳቸው ላይ ከጥላሸት በቀር ምንም አልነበረም። ከጆሮው ሥር ዕድሩ ለምልክት በመሮ ያስመታው ጭረት ግን እንደነበረ ነው። ሊቀመንበሩ ቀለም ሻጩን ሰድቦ ሄደ።

ወንበር እሳት ላይ አይጣድም። ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ስደርስ አሁንም የምቀመጠው በእነዚያው ላይ ነው። ጽሕፈቴ አልለቀቀም። የማን እጅ እንደሆነ የሚያስታውስ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ማንም አንስቶብኝ አያውቅም። «ተቀመጪ እንጂ፣ ምነው ቆምሽ?» ይሉኛል ቦታ እየለቀቁ። ቀሚሴን ቁጥሩ ላይ ዘርግቼ እቀመጣለሁ።