ያለ ፈቃድ የወጣ ስም

ነገሩ ከሆነ ሁለተኛ ክረምቱን ሊይዝ ነው። እስካሁን ድረስ ስልኬ ላይ አዲስ አስተያየት የሚል ምልክት ባየሁ ቁጥር ወዲያው ለመክፈት እፈራለሁ። ልርሳው ብዬ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ጽፌው ቢወጣልኝ ብዬ ነው። ጥፋተኛዋ እኔ መሆኔን ከወዲሁ ልናገር፣ በኋላ ሌላ ሰው እንዳትፈልጉ።

የምሠራው ጉርድ ሾላ፣ የምኖረው ኮተቤ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማስታወስ አቅሟ እየከዳት መጥቷል። አንዳንድ ጠዋት እኔን ተማሪዋ አድርጋ «ዛሬም አረፈድሽ?» ትለኛለች። ይህ ለማንም የሚወራ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ብዬ አልፋለሁ። ማለፍ ያቃተኝን ግን ብሎግ ከፍቼ እዚያ እጽፈዋለሁ።

ብሎጉን በሕይወት ያቆየው የኔ ጽሑፍ ሳይሆን ከስሩ የሚሰጠው አስተያየት ነው። እኔ ግማሽ ገጽ ስጽፍ፣ እንደኔ ቤታቸው የሚያስታምሙ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን ያወራሉ። አልበላም ሲሉ ምን እንደሚደረግ፣ ልብስ አላወልቅም ሲሉ እንዴት እንደሚባበሉ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ቤቴ ውሰዱኝ ሲሉ ምን እንደሚመለስላቸው። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በብዕር ስም ነው። ዘመድ ቢያነበው ጉድ ይፈላል።

ከሁሉም የምጠብቀው «ጭምት» በሚል ስም የሚጻፈውን ነበር። ጭምት አማቷን ነው የምታስታምመው። ሁለት ዓመት ስንጻጻፍ ስለ ራሷ የነገረችኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ሴት መሆኗንም ቢሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ «እህቴ» እያልኩ እመልስላታለሁ፣ ተቃውማ አታውቅም። አጫጭር ነው የምትጽፈው። ነገር ግን እኔ የማልደፍረውን ትደፍራለች። አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ዛሬ በሩን ቆልፌባት ገበያ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ ጣቷን ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ከታ አገኘኋት። ለባለቤቴ አልነገርኩም።»

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ የቤታችንን ቁልፍ ስይዝ እሷ ትዝ ትለኝ ነበር። እኔም ቆልፌ ወጥቼ አውቃለሁና።

ብሎጉ እያረጀ ሲሄድ ስልክ ላይ አልነበብ አለ። የአክስቴ ልጅ አቤል ዌብሳይት መሥራት እንጀራው ስለሆነ እንዲያድስልኝ ለመንኩት። ቀለሙን፣ ፊደሉን፣ የአስተያየት መስጫውን ሁሉ ቀየረልኝ። የድሮዎቹ አስተያየቶችም አንድ ሳይቀር ወደ አዲሱ ተዛወሩ። የድሮው መስጫ ኢሜል ይጠይቃል እንጂ ለሰው አያሳይም፤ የፈለጋችሁትን ስም ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። አዲሱ በዚህ ይለያል። እኔ ግን ያየሁት ማማሩን ብቻ ነበር።

ከዚያ «አዲሱ የአስተያየት መስጫ እንዴት ነው? ያልተመቻችሁን ሳትሳቀቁ ንገሩኝ» ብዬ ለጠፍኩ። ሰዋችንን ታውቁታላችሁ። እንከን ንገረኝ ሲሉት ይመርቃል። «በርቺ»፣ «በጣም ያምራል»፣ «እጅሽ ይባረክ» ዘነበልኝ። አንዷማ ጥያቄዬን ትታ «እማማን ሳሚልኝ» ብላ ሄደች። ሦስት ቀን ሙሉ ተመርቄ ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን ቢሮ ምሳዬን እየበላሁ አንዲት የቆየች አንባቢ የጻፈችውን አየሁ። «ሁሉም ጥሩ ነው» ትላለች። «ጭምት ግን ወንድ ነው እንዴ?»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ወደ ድሮዎቹ ጽሑፎች ተመለስኩ። ጭምት በሚለው ቦታ ሁሉ ግርማ የሚል ስም ከነአባቱ ተቀምጧል። ከጎኑም ክብ ፎቶ አለ፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ፈገግ ያለ ሰውዬ። ሌሎችም ስማቸው ወጥቶ ነበር፤ እነሱ ግን ከድሮም በስማቸው የሚጽፉ ናቸው። ተደብቆ ኖሮ የተገለጠው ጭምት ብቻ ነው።

አቤል ጋ ደወልኩ። አዲሱ መስጫ ከኢሜሉ ጋር የተያያዘውን ስምና ፎቶ ራሱ ፈልጎ እንደሚለጥፍ ነገረኝ። ሌሎቹ የተረፉት ኢሜላቸውንም በብዕር ስማቸው ስለከፈቱ ነው።

«ሶሲ፣ እሱ እኮ ፊቸር ነው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ። ሰው ፕሮፋይሉ እንዲታይለት ይፈልጋል» አለኝ።

«እኔ ጋ የሚመጣ ሰው አይፈልግም» አልኩት። ክርክሩን ተወው።

«በቃ አትጨነቂ፣ ከሥራ ስወጣ አጠፋዋለሁ። እስከዚያ ስክሪንሾት ላኪልኝ።»

አንስቼ ላኩለት። ያነሳሁት ስለ በሩ የተጻፈውን ነበር፤ ከነስሙ፣ ከነፎቶው። እስኪያጠፋው መጠበቅ ስላልቻልኩ የጭምትን አስተያየቶች አንድ በአንድ መሰወር ጀመርኩ። ሁለት ዓመት የተጻፈ ነገር ነው፣ ቶሎ አያልቅም። አለቃዬ ባለፈ ቁጥር የሥራዬን ገጽ እከፍታለሁ፣ ሲርቅ እመለሳለሁ። ስሙ ወጥቶ የቆየው አራት ቀን ነው። በአራት ቀን ስንት ሰው ያየዋል? ሚስቱስ?

አማቱን የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ፣ ለሰው መናገር ያፈረ ወንድ መስሎ ታየኝ። ያንን ሰው ነው አደባባይ ላይ ያሰጣሁት። የይቅርታ ኢሜል ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ደገምኩ፤ የለም። ከቢሮ ውጪ ኢሜል ከፍቶ የሚያነብ ሰው ስንት ነው? ሲደውልልኝ፣ ሲከሰኝ፣ ጓደኞቹ ሲሳለቁበት እያሰብኩ ሁለት ቀን ኢሜሌን በየደቂቃው ስከፍት ዋልኩ። በተፈጥሮዬም ምድጃ ጠፍቷል አልጠፋም ብዬ ከታክሲ የምወርድ ሰው ነኝ።

ዓርብ ዕለት ፎቶውን አተለቅኩት። ሰውዬው የቆመው የግንባታ ዕቃ ሱቅ በር ላይ ነው፤ ከኋላው ታፔላው ይታያል። ሱቁን አውቀዋለሁ፤ የካ ሚካኤል መንገድ ላይ ያለ ነው፣ በታክሲ ሳልፍ ሁሌ አየዋለሁ። ይቅርታ ደግሞ በአካል ሄዶ ነው የሚጠየቀው፤ እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ። ቅዳሜ ጠዋት እናቴን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ከእንጦጦ የወረደ ጉም ባሕር ዛፎቹን ሸፍኗቸዋል። ከመገናኛ ጀምሮ የምናገረውን ስለማመድ ነበር።

ሰውዬው ለደንበኛ ሚስማር እየመዘነ አገኘሁት። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቅኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ግርማ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ሳቅ አለ። «ምን አድርገሽኝ?»

«ስምዎን ያለ ፈቃድዎ አወጣሁት። ብሎጌ ላይ፣ ስለ አማትዎ በሚጽፉት ላይ። አሁን ተነሥቷል። እኔ በጣም ነው የማከብርዎት።» ይህን እያልኩ ስክሪንሾቱን ከፍቼ ስልኬን ሰጠሁት። እንዲያምነኝ ብዬ ነው።

ስልኩን ተቀብሎ መጀመሪያ ያየው ፎቶውን ነበር። ከዚያ ቀና አለ።

«አማቴ ካረፉ ስምንት ዓመታቸው ነው» አለኝ። «እኔ ቤት ያለችው እናቴ ናት።»

የገባኝ ያኔውኑ ነው። ስልኬን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን ማንበብ ጀምሯል።

«ይቅርታ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተሳስቼ ነው» አልኩት።

«ፎቶው የኔ አይደል እንዴ? ይኼ የድሮ ስልኬ ላይ የነበረ ነው። ሌላ ስገዛ የሚስጥር ቁጥሩ ጠፋኝና አዲስ ኢሜል ከፈቱልኝ። አሮጌው...» አልጨረሰውም። አሮጌው ስልክ የት እንዳለ ለራሱም ለእኔም ግልጽ ሆነ። ባል አዲስ ሲገዛ አሮጌው ለሚስት ነው። በእኛም ቤት እንዲያ ነበር።

እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። «ለባለቤቴ አልነገርኩም» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ባለቤቷ እሱ ነው።

«ስንት ጊዜ ነው የቆለፈችባት?»

«አላውቅም» አልኩ። አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጽፋለች።

«እኔ ማታ ስገባ ተኝታ ነው የማገኛት። ደህና ናት ይሉኛል።»

በዚያች ሰዓት ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ፍርሃት ያስቀባጥረኛል። «እባክዎ አይቆጧት፣ ብቻዋን ሆና ነው» አልኩት።

«ብቻዋን» አለ። ስልኬን መለሰልኝ። ሚዛኑ ላይ የቀረውን ሚስማር ሳያነሣ ቁልፉን ከመሳቢያው አወጣ፣ የሱቁን በር ጎትቶ ዘጋው። ቅዳሜ፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ዋናው የገበያ ሰዓት ላይ ነው። ብርቱካኑን ስዘረጋለት «ለእናትሽ» ብሎኝ ዳገቱን ተያያዘው።

ልከተለው አሰብኩ። ተከትዬስ ምን ልል? ቤቱን አላውቀውም፣ ስልኳን አላውቀውም፣ ስሟን እንኳን አላውቀውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሆዷን የነገረችኝን ሴት ሄጄ ለባሏ ነገርኩባት፤ ያውም ብርቱካን ይዤ። ልጽፍላት አስቤ እሱንም ፈራሁ። አሁን ስልኩን የያዘው እሱ ቢሆንስ?

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። እሑድ ቸርች ሄጄ ስለምን እንደተሰበከ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። በሄደበት መታት ይሆን? አባረራት ይሆን? ሁለቱ ሲጯጯሁ እናቱ ሰምተው ደንግጠው ይሆን? ለአቤል ስነግረው «አንቺ ክፉ አላሰብሽም» አለኝ። አለማሰቤማ ነው ችግሩ። አንድ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ «ለምን አረፈድሽ?» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ደንግጣ «ተይ፣ ለዛሬ ምሬሻለሁ» አለችኝ።

ሱቁ በሄድኩ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ስለ አዲሱ መስጫ በጠየቅኩበት ጽሑፍ ሥር፣ ከምርቃቶቹ ሁሉ በታች፣ ጭምት ጻፈች።

«አዲሱ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። ስም ባይወጣ ጥሩ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሳትጠሪ ሰው ጋ አትሂጂ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው እናቱን ራሱ አጠባት። አሁን ቅዳሜ ገበያ የምወጣው በሩን ሳልቆልፍ ነው።»

ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ረዥም ደብዳቤ ጻፍኩላትና አጠፋሁት። አጭርም ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ «እሺ» ብቻ ብዬ መለስኩላት። እስካሁን ተገናኝተን አናውቅም፤ እኔም ሳልጠራ አልሄድም።

አሁን የብሎጌ አስተያየት መስጫ ኢሜል የሚባል ነገር አይጠይቅም፤ አንድ የስም ቦታና አንድ ባዶ ሳጥን ነው። አያምርም። አቤል ባየው ቁጥር ይነጫነጫል። ጭምት ግን እየጻፈች ነው፣ ሌሎቹም እንዲሁ።

ይህን የሰሙ ወዳጆቼ «ትዳር አስተካከልሽ» ይሉኛል። አይደለም። ሰውዬው ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮ እኔ ብርቱካኔን ይዤ ቤቴ ስገባ እሷ ምን ይደርስባት ነበር? ደህና የወጣነው በኔ ብልሃት አይደለም።

ቅዳሜ ጉዳይ ኖረኝም አልኖረኝም በየካ ሚካኤል በኩል አልፋለሁ። ሱቁ ዝግ ሆኖ ሳየው፣ እሱ ቤት ከእናቱ ጋር ነው ብዬ ልቤ ያርፋል። ያለፈው ቅዳሜ ግን ክፍት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም።