ለእትዬ ሃሎ የተጻፉ አሥራ ሰባት አስተያየቶች

የእህቴ ልጅ የኪቦርዷን ቁልፎች በፀጉር ማስያዣ እየፈለቀቀች ታወጣለች። እያንዳንዷን ስፒሪት ባስነካችው ጥጥ ዙሪያዋን ትጠርግና ነጭ ፎጣ ላይ ትደረድራለች፤ የላይኛውን ረድፍ ከላይ፣ የታችኛውን ከታች፣ ረጅሙን ቁልፍ ለብቻው። በወር አንድ እሁድ የምታደርገው ሥራ ነው፤ ሁልጊዜም ቀስ ብላ፣ እያንጎራጎረች። የዚያን እሁድ ግን ማንጎራጎሩ የለም። እጇም ከወትሮው ይፈጥን ስለነበር አንዷ ቁልፍ ተስፈንጥራ አልጋ ሥር ገባችባት።

«አክስቴ» አለችኝ ተንበርክካ በእጇ እየዳበሰች፣ «ስልክ ስታነሳ የኖረች ሴት እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም ልታርም?»

«የቷ ሴት?»

«እትዬ ሃሎ ናታ! ሌላ ማን አለ?»

የእህቴ ልጅ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከኔ ጋር፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ትኖራለች። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የወላለቁ ብሎኖችን በየመጠናቸው ትለይለት እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ብሎን ከጠፋ እሷ ሳታገኘው እራት አይቀርብም። ካደገች በኋላ ቀን ቀን ጽሑፍ ቤት ደብዳቤ ስትተይብ እየዋለች፣ ማታ ማታ የኮምፒውተር ትምህርት ተማረች። ከዚያም ከጫማ መደብር በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ተቀጠረች። ያኔ አራት ሠራተኛ ብቻ ነበራቸው። እዚያ ቁጭ ብላ በስምንት ወር ውስጥ ለፋርማሲዎች የሚሆን ፕሮግራም ጻፈች፤ የገባውን መድኃኒት፣ የወጣውን፣ ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበውን የሚያሳውቅ። ዛሬ ከስልሳ በላይ ፋርማሲዎች ይሠሩበታል። በቢሮው «የፕሮግራሙ እናት» ይሏታል። ሲሏት አንገቷን ትደፋለች እንጂ፣ ደስ እንደሚላት እኔ አውቃለሁ።

ፕሮግራሙን ከጻፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አዲስ ነገር አልተማረችም ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ራሷም ትለዋለች። ሥልጠና ሲመጣ «ልጆቹ ይሂዱ» ትላለች። የሚበላሸውን እሷ ታውቃለች፣ እሷው ትጠግናለች፤ ሌላ ሰው ቢነካው እንኳ ወዲያው ይገባታል። ምን ጎደለኝ ትበል?

እትዬ ሃሎ ደግሞ በዚያው ቢሮ በር ላይ ተቀምጣ ስልክ ታነሳና እንግዳ ትቀበል የነበረች ሴት ናት። የሦስት ልጆች እናት፣ ከኛይቱ በሰባት ዓመት ትበልጣለች። ስሟን ያገኘችው «ሃ-ሎ-ኦ» ስትል እንደ ዜማ ስለምትስበው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ ሥራ ሳይገባ፣ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ እህቴ ልጅ ጠረጴዛ መጣች። «እህቴ፣ ይቺ መስመር ምን ትላለች?» አለቻት። ነገረቻት። በማግስቱም መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉም ሰው አንድ ሰዓት ቀድማ እየገባች በአሮጌ ኮምፒውተር መማር ያዘች። የእህቴ ልጅ የራሷን መጽሐፍ፣ በቡናማ ወረቀት የለበደችውን፣ ሰጠቻት። ያን ጊዜ ስለ እትዬ ሃሎ ስታወራኝ ፊቷ ይፈካ ነበር፤ «እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችሽ፣ ቤት ሥራ ብሰጣት እጥፍ ሠርታ ትመጣለች» ትለኝ ነበር።

ቅናቱ የመጣው እትዬ ሃሎ ስትጠይቅ አይደለም፤ መጠየቅ ስታቆም ነው።

ከኢንተርኔት ሌላ ሌላ ትምህርት መከታተል ጀምራ ኖሯል። ከጊዜ በኋላ በሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እሷ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ ልክ መሥራቱን በራሳቸው የሚፈትሹ ትንንሽ ሙከራዎች መጻፍ አመጣች። የእህቴ ልጅ በዕድሜዋ አንድም ሙከራ ጽፋ አታውቅም፤ «ልጄን እኔ አውቀዋለሁ» ባይ ናት። አጠገቧ የሚቀመጠው ወፍራሙ ባልደረባዋ አላስቀምጥ አላት።

«እናትየዋ! ልጅሽን ሞግዚቷ ልትወስድብሽ ነው እኮ!»

«ሞግዚት የምትወስደው ደመወዟን ነው» አለችው። እየሳቀች ተናገረችው እንጂ ምሳዋ አልወረደላትም። ምሳ ዕቃዋን እንዳለ መልሳ አመጣችልኝ።

የእሁዱ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ አለቃቸው ያረጀውን ፕሮግራም እንደ አዲስ ሊያሠሩት ወስነዋል። ሥራውን አንድ ሰው ይመራዋል። ዓርብ ዕለት የእህቴን ልጅ ጠርተው፣ «ሁለታችሁም ትችሉታላችሁ። እትዬ ሃሎ ፕሮግራሙን አሻሽላ አሁን የሰጠችኝን ሥራ እስከሚቀጥለው ዓርብ አንብቢና ይግባ ወይም አይግባ በይኝ። ከዚያ እወስናለሁ» አሏት። በነሱ ሙያ አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ «ይግባ» ካላለ ፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም። የእትዬ ሃሎን ሥራ ለማንበብ ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ከእህቴ ልጅ በቀር ማን ያውቃል? ቢላውን ለራሷ እጅ ሰጧት ማለት ነው።

ሰኞ ማንበብ ጀመረች። ስህተት ፍለጋ ነው የምታነበው። ማክሰኞ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ሦስት መስመር!» አለችኝ። «እኔ በአርባ መስመር የጻፍኩትን በሦስት መስመር ጻፈችው።»

«ታዲያ ማጠሩ ክፉ ነው?»

«ክፉ ቢሆንማ ምን ነበረ!»

ያን ቀን የሦስቱን መስመር ዘዴ በብጫቂ ወረቀት ገልብጣው ነበር፤ የማታውቀው ስለሆነ። ከዚያ ወፍራሙ ባልደረባዋ ቀና ሲል አፈረችና ብጫቂውን ቀዳድዳ ጣለችው። «ጥዬው ስወጣ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለችኝ፣ እንደተሰደበ ሰው ከንፈሯን ነክሳ።

ረቡዕ አስተያየቷን ጻፈች፤ አሥራ ሰባት አስተያየት። እኔ ስታነብልኝ ሰማኋቸው። አንዱ «ይህ ስም ረዝሟል» ይላል። ሌላው «እዚህ ጋ አንድ ባዶ መስመር በዝቷል» ይላል። ቁም ነገር ያላት አንድም አልነበረችባቸውም፤ የሰው ልብስ ገልብጦ ክር እንደ መልቀም ያለ ነው። አሥራ አንደኛው ብቻ ጠንከር ይላል። ፕሮግራሙ አሥር ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ራሱን ይዘጋል፤ የእህቴ ልጅ አላፊ አግዳሚው መጥቶ እንዳይነካካው ብላ ያደረገችው ነው። ሲዘጋ ታዲያ ተጽፎ ያላለቀው ሁሉ ይጠፋል። እትዬ ሃሎ መዘጋቱን ሳትነካ የተጻፈው ግን እንዳይጠፋ አድርጋ ለውጣዋለች። የእህቴ ልጅ «ይህ አልታዘዘም። ማን ጠየቀሽ?» ብላ ጻፈችበት።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሰባቱም መልስ ተሰጥቷቸው ጠበቋት። «እውነትሽን ነው እህቴ፣ አሳጠርኩት፤ አመሰግናለሁ።» «አላየሁትም ነበር፤ አወጣሁት፤ ዓይንሽ ይባረክ።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሥራ አንደኛው ላይ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የነበረው፦ «የሚደውሉት።»

«የሚደውሉት! ማን ነው የሚደውለው?» አለችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው ስለዚህ ነገር አልነገረኝም። እኔን ለማሳጣት የፈጠረችው ነው። ነገ አይግባ እላለሁ።»

«እውነት ቢሆንስ?»

«ቢሆንማ እኔ አልሰማም ነበር?»

ቀናተኛ ሰው ፊት ክርክር ማንሳት ጭድ ላይ ክብሪት መጫር ነው።

ዓርብ ጠዋት ልትወጣ ስትል የደም ግፊት መድኃኒቴን ማዘዣ ሰጠኋት፤ ከቢሮዋ ሁለት መንገድ አልፎ ካለው ፋርማሲ በምሳ ሰዓት እንድትገዛልኝ። በምሳ ሰዓት ሄደች። ከመስታወቱ ኋላ አንዲት ፋርማሲስት ብቻዋን ነበረች፤ ከፊቷም የእህቴ ልጅ ፕሮግራም ተከፍቷል። የራሷን ሥራ ሰው ጠረጴዛ ላይ ካየችው ዓመታት አልፈዋል። ፋርማሲስቷ ግን የመጣላትን መድኃኒት ኮምፒውተሩ ላይ አትጽፍም፤ ከተቀደደ ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች።

«ኮምፒውተሩ እያለ ለምን ካርቶን ላይ?» አለቻት።

«ባክሽ ተይኝ! ሰው መጥቶ ሳናግር ከቆየሁ የጻፍኩትን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። መጀመሪያ እዚህ እጽፍና በኋላ እገለብጣለሁ። ይሄን የሠራው ሰውዬ መቼም ማስቲካ እንኳ ሸጦ አያውቅም።»

«ሰውዬ ነው እንዴ?»

«ሴትማ እንዲህ አትጨክንም!»

የእህቴ ልጅ ማዘዣውን እንደያዘች ቀረች። «ለምን ደውላችሁ አትነግሯቸውም?» አለች።

«ስንቴ! ‹ስብሰባ ላይ ናቸው› ነው መልሱ። እድሜ ለዚያች ሴትዮ፣ ሃሎ ለምትለው፤ እሷ ግን ትሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ‹ግዴለሽም፣ ተምሬ አስተካክልልሻለሁ› አለችኝ። ሳቅሁባት። ለቀቀች መሰለኝ፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ቆየሁ።»

«ስብሰባ ላይ ናት በያቸው» የምትለው ራሷ የእህቴ ልጅ ነበረች። ስልክ ሐሳቧን ስለሚበትንባት ነው እንጂ ስብሰባ የሚባል ነገር በዚያ ቢሮ በወር አንዴም የለም።

የተሰማት ግን ጸጸት ብቻ እንዳይመስላችሁ። «አክስቴ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው» አለችኝ። «ልጄ የኔ፤ ስሙ የሚጠራው የሷ። ያቺ ሴት የኔን ስም አታውቅም፤ ወንድ አድርጋኛለች። የሷን ድምፅ ግን ትናፍቃለች!»

ማንነቷን አልተናገረችም። «እንዲህ ያለ ሥራ እማራለሁ፤ ትንሽ ቁጭ ብዬ ልይሽ?» አለቻት። ፋርማሲስቷ ትከሻዋን ነቅንቃ አስገባቻት። የመርፌ ካርቶን ላይ ተቀምጣ የምሳውን ሰዓት በሙሉ አየች። ፋርማሲስቷ በዚያች ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ከሥራዋ ተነሣች፤ ለሳል የመጣ፣ ዝርዝር የሚፈልግ፣ መንገድ የጠፋበት። የመድኃኒቶቹ ስም በፊደል ተራ እየመጣ፣ ቀን ሙሉ የሚሸጠው ከታች ተቀብሮ ሴትየዋ በጣቷ ወደ ታች ስታወርድ፣ ስታወርድ... ይህን ሁሉ የእህቴ ልጅ ደቃቅ አድርጋ ጻፈች። ሰዓቱን ስታይ ጊዜው አልፏል፤ እየሮጠች ተመለሰች።

ቢሮ ገብታም ቶሎ አልጻፈችም። እጇን ልትታጠብ ሄደች። ተቀመጠች። ተነሥታ ውሃ ጠጣች። «ይግባ» ለማለት አንድ ጊዜ መጫን ነው የሚበቃው፤ እሷ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ተጫነችው። አለቃዋ ጋ ገባችና፣ «ሥራውን እሷ ትምራው» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔ ከሷ ሥር እሠራለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ግን ፋርማሲ ውስጥ እንድውል ይፍቀዱልኝ።»

«ፋርማሲ? ምን ልትሠሪ?»

«ምንም። ቁጭ ብዬ ላይ።»

አለቃቸው ወጥተው ሲናገሩ ባልደረቦቿ አጨበጨቡ። የእህቴ ልጅ አላጨበጨበችም፤ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛው ነበር፤ እንዳላጨበጭብ ብላ ነው ያነሳችው። እትዬ ሃሎ መጥታ አቀፈቻት። «እህቴ፣ ያስተማርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ያንን ባትለው ይሻለኝ ነበር» አለችኝ ማታ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «ብትኩራራብኝ እኮ ጠልቻት እገላገል ነበር።»

«አሁንስ አልለቀቀሽም?»

«የት ይለቀኛል! ስታወራ ድምፅዋ እንደ ኮሶ ይመረኛል። ቢሆንም ነገ ጠዋት የሙከራ አጻጻፍ ላሳይሽ ብላኛለች፤ እሄዳለሁ። ጥርሴን ነክሼም ቢሆን እማራለሁ። ስልክ ማንሳትም ጭምር።»

ከዚያ ከፋርማሲው ያየችውን ለእትዬ ሃሎ እንዴት እንደነገረቻት፣ ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ አቀርቅረው እስከ ሥራ መውጫ እንዴት እንደቆዩ አጫወተችኝ። «እያንዳንዷን ነገር ሳነብላት ‹አዎ፣ ይቺን ብለውኛል፤ አዎ፣ ይቺንም› ትለኛለች። አንድ አዲስ ነገር ባገኝባት ምን ነበረበት?» አለችና ሳቋ መጣ፤ ከእሁድ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«መድኃኒቱስ?» አልኳት።

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ማስታወሻ ወረቀት ስላልያዘች የጻፈችው በማዘዣው ጀርባ ላይ ነበር። ማዘዣው እትዬ ሃሎ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል፤ መድኃኒቱም አልተገዛም።