ሎሚው ያልደረሰበት ቱቦ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ሕይወት በስልክ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ለዓመታት ልጅ ስትጠብቅ ኖራ፣ ሐኪሞች ከሰውነቷ ውጭ የፈጠሩትን ፅንስ በዚያ ጠዋት ማህፀኗ ውስጥ አስገብተውላታል። በፎቶው ላይ አራት እንክብሎች በአንድ ግልጽ ሽፋን ውስጥ ተጠጋግተዋል። ብድግ ብዬ "አውቀዋለሁ!" ብዬ ጮኽኩ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

በወጣትነቴ ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ ክብ እሥላለሁ፤ ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት እከፍለዋለሁ። "የሁላችንም መጀመሪያ ይኸው ነው" እያልኩ እመጻደቃለሁ። አንድ ቀን አምና የምትባል የበርታ ተማሪዬ እጇን አወጣች፤ እዚያ መምህር ኡስታዝ ይባላል።

"ኡስታዝ፣ አንተ በዓይንህ አይተሃል?"

አላየሁም። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ።

የማንጎ ወቅት ነበር፤ መንገዱ ሁሉ የበሰለ ማንጎ ይሸታል። የአምና ወንድም ሊያገባ ነው። "ሐሙስ ወንዱ ፍየል በአጥር ዘሎ ሴቷ ላይ ወጣ፤ እሑድ ለሠርግ ትታረዳለች" አለችኝ። ልቤ ዘለለ! ፅንሱ ገና ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ልናገኘው ነው፤ ማህፀኗን እንዲያቆዩልኝ በአምና ላክሁባቸው። ሌላ ዕድል ደግሞ የለኝም፤ ዝውውሬ ጸድቋል፣ ትምህርት ሲዘጋ አሶሳን እለቃለሁ።

እሑድ ለብ ያለ የጨው ውሃ በፔርሙስ ይዤ፣ ማይክሮስኮፑን እንደ ሕፃን አቅፌ የቀርከሃ አጥር ካለው ግቢያቸው ደረስኩ። የአምና እናት በፈገግታ ሳህን አቀረቡልኝ። ማህፀኑ ተሰንጥቆ፣ ታሽቶ፣ ነጭ ሆኗል። እናትየው በሚያውቋት ጥቂት አማርኛ አስረዱኝ።

"ኡስታዝ፣ እኔ አጠበ። በሎሚ፣ በጨው። ንጹሕ ነው!"

የሆድ ዕቃ ሳይታጠብ ለእንግዳ አይሰጥም፤ ሴትዮዋ አክብረውኝ ነው። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ፤ ማልቀስ ግን ቃጣኝ። ፅንሱ ከእጣቢው ጋር ተደፍቷል።

አምና ሳህኑ ላይ አጎንብሳ ከማህፀኑ ጫፍ የተንጠለጠሉ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ነካች። "ይሄስ? እማ ይሄን አልከፈተችም።"

በድንጋጤ ረስቼው! ፅንስ የመጀመሪያ ቀናቱን የሚያሳልፈው በእነዚያ ቱቦዎች ውስጥ እየተከፋፈለ ነው። ገና አልወረደም! የጨው ውሃውን በመርፌ በቱቦው ውስጥ አሳለፍኩና በማይክሮስኮፑ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ ተቀበልኩት። የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ፀሐይ አዞርኩ። ከመጀመሪያው ቱቦ ምንም። ከሁለተኛው ግን አራት እንክብል፣ በቀጭን ቀለበት ተከበው!

"አምና! ነይ! ነይ!"

አየች። ደግማ አየች። ከዚያ እልልታዋን ለቀቀችው። ጓዳ ያሉት ሴቶች ሙሽራዋ የመጣች መስሏቸው በእልልታ ተቀበሏት! እውነቱን ሲሰሙ ግን አልተቆጡም፤ እናትየው ቀድመው፣ ሠርገኛው ተከትሎ ለማየት ተሰለፈ። የማሽላው ገንፎና የባሚያው ወጥ ቀዘቀዘ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ሕይወት መልሳ ደወለች። "አባዬ፣ ገና አልተጣበቀም እኮ። ለማንም እንዳትናገር።"

ቃሌን ሰጠሁ፤ ከአምና በቀር ለማንም አልነገርኩም። አሁን እሷም ባምባሲ ከተማ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ሰምታ ስታበቃ ሳቋ ስልኩን ሞላው።

"ኡስታዝ፣ በሎሚ እንዳያጥቡት ብቻ!"

እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፎቶውን እንደገና ከፈትኩት። የፍየሏን ፅንስ ማየት ብቻ በቅቶኝ ነበር፤ ይህኛውን ማየት ግን አልበቃኝም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብዬ፣ ሰው እንደሚሰማኝ ሁሉ፣ "አደራህን፣ አጥብቀህ ያዝ" አልኩት።