ፈንታነሽ ለዘይቱን የሰፋችው ልብስ

ፈንታነሽ ቢቸና ገበያ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። የምትኖረው ግን ከከተማው ወረድ ብሎ፣ ብርድ በማይበረታበት ተዳፋት ላይ ነው። እዚያ ጓሮዋ ውስጥ ራሷ የተከለቻቸው ስድስት የዘይቱን ዛፎች አሉ። ባለቤቷ ካረፈ፣ ልጆቿም ከተዳሩ በኋላ፣ ከስፌት መኪናዋ ስትነሳ የምትሄደው ወደ ዛፎቹ ሆነ። ፍሬውን ሸጣ አታውቅም። ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ ልብስ ሊያስጠብቡ ለሚመጡ መምህራን በጨርቅ እየቋጠረች ትሰጣለች። የተሰጠው ሰው ጣፋጭነቱን ሲነግራት ቀኑን ሙሉ ፊቷ ፈክቶ ይውላል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ቀን ጎረቤቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው። ፈንታነሽ የበሰለውን ዘይቱን መርጣ ሰጠቻቸው። አንዴ ገመጡና ማኘክ አቆሙ፤ የቀረውን ግማሽ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

‹‹ፈንታነሽ›› አሉ ረጋ ብለው፣ ‹‹ይቺ የጾም ናት የፍስክ?››

ሮዝ ቀለም ያለው ትል ከፍሬው መሐል አንገቱን ብቅ አድርጎ ነበር። ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። መሪጌታ ከሄዱ በኋላ ግን ፈንታነሽ ዛፎቹ ሥር ተቀምጣ የወደቀውን ሁሉ ስትፈለቅቅ ዋለች። ከአሥሩ የስድስቱ ውስጥ ቡናማ ሆኖ በስብሷል። ለሰው የሰጠችውን ሁሉ እያሰበች አፈረች።

ጥፋቱን ሰው ሁሉ በዝንብ ላይ ጣለው። ፈንታነሽም የተነገራትን አደረገች፤ የውኃ ፕላስቲክ ቀዳድዳ፣ ጣፋጭ ነገር ጨምራበት በየቅርንጫፉ አንጠለጠለች። ፕላስቲኩ በዝንብ ሞላ፤ ትሉ ግን አልቀነሰም። ነገሩ አልዋጥላት አለ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተቀደደ ሲመጣላት በምን እንደተቀደደ ሳታውቅ መጣፍ አትወድም።

ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አጥባ፣ ከሥሩ አፈር ጨምራ፣ ትል ያለበትን ዘይቱን አስቀመጠችበት፤ አፉን በስስ ሻሽ አሰረችና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አኖረችው። ከቀናት በኋላ ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ገባ፤ የአፈር ቅንጣት እየለጠፈ በድር ራሱን ሸፈነ። ከዚያ በኋላ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ደንበኞቿ ሞቷል ጣይው እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ክር ስትፈልግ፣ ከሻሹ በታች ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ አመድማ የእሳት እራት ተለጥፋ አገኘች። ፈንታነሽ ብቻዋን ሳቀች። ዝንብ አልነበረም።

በማግሥቱ በረንዳዋን ዘግታ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄደች። እዚያ እህቷ ሰሎሜ አለች። ሰሎሜ ደግሞ ገበሬው የታመመ ቅጠልና ፍሬ ይዞ የሚያማክራትን፣ እፀገነት የምትባለውን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ታውቃለች። መንገዱን ሙሉ ጠርሙሱ ጭኗ ላይ ነበር። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ምን እንደሆነ ጠየቋትና ስትነግራቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

እፀገነት ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና ይህን ማን እንደመከራት ጠየቀቻት።

‹‹ማንም። ምን እንደሚወጣው ልየው ብዬ ነው›› አለች ፈንታነሽ።

‹‹እትዬ፣ እኛ ዩኒቨርሲቲ የተማርነውን ነው በረንዳዎ ላይ የሠሩት።››

ከዚያ ወንበር ስባ አስረዳቻት። የእሳት እራቷ ቀን ግንድ ላይ ተለጥፋ ታርፋለች፤ ሲመሽ እየበረረች እንቁላሏን በፍሬው ቆዳ ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። እንቁላሉ ጠፍጣፋና እንደ ስኳር ቅንጣት ትንሽ ስለሆነ ዓይን አያገኘውም። የተፈለፈለው ትል መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አበጅቶ ይገባና ሥጋውን እየበላ ያድጋል። በዚያው ቀዳዳ ሻጋታ ይከተላል፤ ፍሬው ያለጊዜው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ትሉም አፈር ገብቶ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ብርቱካንንም፣ ኮክንም፣ ቃሪያንም አይምርም። ዝንብም ዘይቱን ያበላሻል፤ የዝንብ ትል ግን ነጭና እግር አልባ ነው፤ ይሄኛው ቡናማ ራስ አለው፣ ሲያድግም ይቀላል። አንዴ ከገባ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ስለዚህ የወደቀውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለቅሞ አንድ ክንድ በሚጠልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ በዛፉ ላይ ያለውን ደግሞ ገና ለጋ ሳለ መሸፈን ነው።

መሸፈን የሚለውን ስትሰማ ፈንታነሽ ቀና አለች፤ በምን እንደሚሸፈንም ጠየቀች። እፀገነት አንዳንዱ በወረቀት ከረጢት እንደሚሸፍን፣ ወረቀቱን ግን ዝናብ እንደሚያበላሸው ነገረቻት።

‹‹እሱን ለእኔ ተይልኝ፣ ልጄ›› አለች ፈንታነሽ።

ቢቸና ተመልሳ ጉድጓድ አስቆፈረችና ከዘመናት ትርፍራፊ ጨርቅ ከረጢት መስፋት ጀመረች። አበባ ያለበት፣ ባለ መስመር፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የሙሽራ ቀሚስ ነጭ፤ ያገኘችውን ሁሉ ሰፍታ ፍሬዎቹን አለበሰቻቸው። ጓሮው ሠርግ ቤት መሰለ። መሪጌታ ቆመው አዩና፣ ዛፍ ሁሉ ሲለብስ የእሳቸው እጀ ጠባብ እስካሁን ለምን እንዳልደረሰ ወቀሷት።

የመጀመሪያው ዓመት ፍሬ ግን አንገቷን አስደፋት። ከረጢት የለበሱትም ውስጥ ትል ተገኘ። ሁለት ቀን ወደ ጓሮ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን የተበላውንና ያልተበላውን ከነከረጢቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ስታስተያይ ነገሩ ገባት። ጨርቅ ለመቆጠብ ብላ በልኩ ነበር የሰፋቻቸው። ፍሬው ሲወፍር ሳሳ ያለው ጨርቅ ቆዳው ላይ ተወጠረ፤ የእሳት እራቷም ከውጭ ሆና በጨርቁ ዐይን በኩል እንቁላሏን ጣለችበት። ለሚያድግ ልጅ ሰፋ አድርጎ መስፋትን ሰውን ሁሉ የምትመክረው እሷ ነበረች፤ ለሚያድግ ፍሬ ግን ረሳችው። አሁንም ብቻዋን ሳቀች።

በተከታዩ ዓመት ፍሬውን የማይነኩ፣ አፋቸው በገመድ የሚሳብ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ የተሠሩ ሰፋፊ ከረጢቶች ሰፋች። ከለበሱት ፍሬዎች መካከል ትል የተገኘበት ከሃያው አንዱ እንኳ አይሞላም ነበር። ወዲያው የመጀመሪያውን ቋጠሮ ሞጣ ለእፀገነት ላከች።

ባለፈው ጥቅምት እፀገነት ደውላ ሠላሳ ያህል ገበሬዎች ስለሚሰበሰቡ መጥታ እንድታስረዳቸው ለመነቻት። ሰው ፊት ቆማ መናገር የማትወደው ፈንታነሽ ንግግሩን ለእፀገነት ትታ መርፌ፣ ክርና ጨርቅ ይዛ ሄደች። በሰሎሜ ግቢ ውስጥ ሁሉንም በክብ አስቀምጣ መርፌ አስጨበጠቻቸው። ከመካከላቸው ሣህለ ማርያም የተባሉ፣ ስድሳን ያለፉና መርፌ ይዘው የማያውቁ ገበሬ፣ ላባቸውን እየጠረጉ አንድ ጠማማ ከረጢት ጨረሱ። ፈንታነሽ ተቀብላ አየችው፤ ስፌቱን ተርትራም መለሰችላቸው።

‹‹ጋሼ፣ በዚህ ክፍተት እኮ በሬ ይገባል›› አለቻቸው።

ግቢው በሳቅ ሞላ። ጋሼ ሣህለ ማርያምም አብረው ሳቁና፣ ክሩን በምራቃቸው አርጥበው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የመርፌዋን ቀዳዳ መፈለግ ጀመሩ።