ባለ ሁለት ሆዱ የሸክላ ዋሽንት

ባሌ ግራ ጎኑ ሽባ ከሆነ ወዲህ ዋሽንቱን ባየሁት ቁጥር እናደድ ነበር። ከራስጌው እንደተሰቀለ ነው፤ እሱም አውርዱልኝ አይልም። ቀዳዳዎቹን ለመድፈን ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ ለእሱ የቀረችው ቀኟ ብቻ ናት። ድሮ ወገዳ ገበያ ስንሄድ እኔ እንስራዬን አዝዬ ከፊት፣ እሱ እየነፋ ከኋላ ነበር። አሁን ግድግዳ ሲያይ ይውላል። የሰው ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ ማን ነገረኝ?

መካነ ኢየሱስ ከተማ የምትማረው ልጃችን ለበዓል መጥታ በስልኳ አንድ ነገር አሳየችን። ከሸክላ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በአፍ የሚነፋ፤ ኦካሪና ይሉታል አለች። አንዳንዱ አንድ ሆድ፣ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ሆድ አለው። ባሌ ከተኛበት ቀና ብሎ እስቲ ድገሚው አላት። ቀና ማለቱን ሳይ እኔ እሠራልሃለሁ አልኩት። ሸክላ እንደሆነ እንጀራዬ ነው፤ አፈሩ ከደጄ፣ ምን ይገደኛል አልኩ።

መጀመሪያ ባለ አንድ ሆድ ሠራሁ፤ አራት ቀዳዳ፣ ለአራት ጣቱ። ሲደርቅ ጥሬውን ሞከረው። ወፍራሙ ድምፅ ደህና ነው። ወደ ቀጭኑ ሲወጣ ግን ጠንካራ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ሲያጠነክር በሰነፈው ከንፈሩ በኩል ያመልጠዋል። ቀጥዬ ሁለት ሆድ ጎን ለጎን አጣበቅሁ፤ ትልቁ ለወፍራሙ፣ ትንሹ ለቀጭኑ፣ አራቱን ቀዳዳ ሁለት ሁለት አካፍዬ ለየራሳቸው መንፊያ አፍ አወጣሁላቸው። ትንፋሹ አላስጨነቀውም። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ለመሻገር ግን ከንፈርን ወደ ጎን ማንሸራተት ያስፈልጋል፤ ከንፈሩ እምቢ አለ፣ ዜማው እመሀል ላይ እየተቆረጠ አስቸገረ። ተናድጄ መልሼ ጭቃ አደረግሁት።

በሦስተኛው ትንሹን ሆድ ከትልቁ በላይ ደረብኩት። አፎቹ ላይና ታች ስለሆኑ ለመሻገር አገጭን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ጥሬውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሲነፋው ዜማው ሳይቆረጥ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እንደ ዋሽንት አንጀት አይበላም፤ ከሆድ ወደ ሆድ ሲሻገሩ ድምፁን መጎተት አይቻልም። ቢሆንም የነፋው እሱ ነው። ከበረቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ተኩሼው፣ ከአመዱ አውጥቼ ራሴ ሞከርኩት፤ ይጮኻል። እቤት ትቼው ገበያ ሄድኩ። ባሌ ገበሬ ነው፤ ሸክላ ሠሪ አገባ እየተባለ ዘመዶቹ ሲያሙት የኖረ፣ አንድም ቀን ግን ሥራዬን በእጁ ነክቶ የማያውቅ። ያን ቀን ሊያግዘኝ አሰበ። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ሥራ ላይ እንደማይውል በእኛ ሰፈር ሕፃንም ያውቃል። የተወቀጠ ጎመን ዘር በአንድ እጁ ውስጥ ውጩን ቀብቶ፣ ፍም ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ወጥ ድስት አሟሸልኝ።

ስመለስ ላብ አጥምቆት ሸክላውን እንደያዘ አገኘሁት።

«ትንፋሼም ሄደ» አለኝ።

የጎመን ዘሩ ቅባት በጠባቧ የአየር መግቢያ ገብቶ፣ እሳት ሲመታው ተጋግሮ ኖሯል። በስንደዶ ብጎረጉር፣ ብጎረጉር አልወጣ አለ። ቅባቱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም አልኩት፤ እኔም ነፍቼ እምቢ እንደሚል አሳየሁት። አንቺ ደግሞ መንፋት መቼ ታውቂያለሽ አለኝ። የማባብለው መስሎታል።

እንደዚያው አድርጌ ሌላ ሠራሁ። እፊቱ ነፋሁት፤ ጮኸ። ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ነገሩ ገባኝ፤ ለእኔ ጮኾ ለእሱ እምቢ ካለስ? ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ልጃችንም መጥታ ለመነችው። ወይ ፍንክች። ከአፉ ሳያደርሰው ክረምቱ ገባ፤ እሱም እየደከመ ሄደ።

አንድ ረፋድ ላይ ገብስ ስለቅም ዘወር ብል ሸክላውን ደረቱ ላይ አድርጎታል። ጣቶቹ ይከፍታሉ፣ ይደፍናሉ፤ አገጩም ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሩ ግን ተገጥሟል። እንዲህ አድርጎ አንድ ዜማ ከዳር እስከ ዳር ተወጣው። ሲጨርስ አየኝ።

«ሰማሽው?»

ከቀበርነው ወዲህም እነዚያን ጣቶች ስንቴ በዓይነ ኅሊናዬ መላልሼ አይቻቸዋለሁ፤ የቱ ዜማ እንደነበረ ግን አላውቅም።

ያን ረፋድ ግን «ሰማሁት» አልኩት።